የእናት ጉልበት፣ የፈረስ ጉልበት

ፈረሱ ያነከሰው በገበያ ቀን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ባለጋሪው ላያስተውለው ይችል ነበር። በገበያ ቀን ግን ቆቦ ላይ ጋሪ እረፍት የለውም። ከሮቢትና ከጎብዬ በኩል የሚመጣው የማሽላ ኩንታል፣ ከዞብል በኩል የሚወርደው ፍየል ነጋዴ፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያው የሚመላለሰው ዕቃ፣ ሁሉም ጎማና ኮቴ ይፈልጋል። እናላችሁ፣ ዳማ ሦስተኛው ምልልስ ላይ አስፋልቱን ሲረግጥ አንገቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። (መልኩ ዳማ ስለሆነ ስሙም ዳማ ነው፤ ማንም ሌላ ስም ሊያወጣለት አልደከመም።) የግራ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይወረውራል። ባለጋሪው ወርዶ ዳሰሰው። ጉልበቱ ሞቋል፤ አበጥ ብሏል።

ያን ቀን የቀረውን ጭነት ለጓደኛው አሳልፎ ሰጠ። ጋሪውን ፈትቶ ፈረሱን እየሳበ ወደ ቤት ሲሄድ በልቡ ሂሳብ ይሠራ ነበር። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። በዚያ ቤት የዳማ ጉልበት ማለት የቤት ኪራይ ነው፣ የሁለት ልጆች ደብተር ነው፣ የዘይትና የበርበሬ ነው። የዳማ የራሱ መኖም የሚገዛው ዳማ በሚሠራው ገንዘብ ነው። ፈረስ አንድ ሳምንት ከቆመ የራሱን ምግብ በልቶ ይጨርሳል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ የባለቤቱን መብላት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ፈረስ አይደለም። ጦርነቱ በ2013 ክረምት ቆቦ ሲደርስ የነበረው ፈረስ ጠፍቷል፤ ማን እንደወሰደው ማንም አልጠየቀም፣ ሰው በጠፋበት ጊዜ ስለ ፈረስ መጠየቅ ያሳፍራል። በ2014 ነሐሴ ጦርነቱ ሲመለስ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ዳማን የገዛችው ሪያድ ያለችው ታናሽ እህቱ ናት። የሰው ቤት ወለል ወልውላ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ባጠራቀመችው። ስለዚህ ዳማ ሲያነክስ የሚያነክሰው የእሷም የሁለት ዓመት ድካም ነው።

ባጃጅ የቆቦን ጋሪ ሊያጠፋው ነበር። ወጣቱ ሁሉ ባጃጅ ላይ ሲወጣ፣ ጋሪ የሽማግሌና የድሃ ሥራ መስሎ ነበር። ቤንዚን ሲጠፋና በጥቁር ገበያ በሊትር ሲሸጥ ግን ጋሪው ተመልሶ ተፈለገ። ፈረስ ማደያ አይሰለፍም። ፈረስ ግን መለዋወጫም የለውም፤ ባለ ባጃጁ ጎማው ቢያልቅ ሱቅ አለ፣ የፈረስ ጉልበት የሚሸጥ ሱቅ የለም።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አድርጓል። እግር የሚታጠፍበትን ቦታ “ጉልበት” ይለዋል፤ ኃይልንም “ጉልበት” ይለዋል። ጉልበቱን ሸጦ የሚኖር ሰው ስንል የትኛውን እንደሸጠ አይለይም። ምናልባት የሚለይ ነገር ስለሌለ ይሆናል። ያው ቋንቋ ጌታን በፈረሱ ስም ሲጠራ የኖረ ቋንቋ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ራስ ሚካኤል ደግሞ አባ ሻንቆ። ራስ ሚካኤል ዓድዋ ላይ ያሰለፉት የወሎ ፈረሰኛ እስከ ዛሬ ይወራለታል። የእነዚያ ፈረሶች ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ ማን ምን ያደርግላቸው እንደነበር ግን የሚያወራ የለም። ባልደራሱ ያውቅ ነበር፤ ባልደራሱ ግን ታሪክ አይጽፍም።

ወደ ዳማ እንመለስ።

ምክር በአገራችን ርካሽ ነው፤ በዚያው ምሽት ግቢው ሞላ። አንደኛው ጎረቤት “ብረት አግለህ ተኩሰው” አለ። አባቱም አያቱም እንዲህ ነው ያደረጉት። ጉልበቱ ዙሪያ ሦስት መስመር፣ ከዚያ ቅቤ መቀባት፣ አለቀ። ብዙ የጋሪ ፈረስ እግሩ ላይ ይህ ጠባሳ አለው፤ ያየ ሰው ጌጥ ሊመስለው ይችላል። መተኮስ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። እንግሊዞችም የውድድር ፈረሶቻቸውን ሲተኩሱ ኖረዋል፣ ያውም በሐኪም እጅ። ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት የተተኮሰ ጅማት ካልተተኮሰው የተሻለ እንደማይድን አሳየ። ታዲያ ለምን ለዘመናት ሠራ ተባለ? የተተኮሰ ፈረስ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሳምንታት ስለሚያርፍ። ያዳነው እረፍቱ ነው፤ ስሙን ግን ብረቱ ወሰደው።

ሁለተኛው መካሪ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝተህ አስወጋው አለ። ይኼኛው ይበልጥ ያጓጓል። መርፌው በእርግጥም ያስሮጣል፤ ሕመሙን ያጠፋዋል። ችግሩ ያጠፋው ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አለመሆኑ ነው። ሕመም ለፈረስ ማሰሪያ ገመድ ነው፤ ገመዱን ስትቆርጠው በተጎዳ መገጣጠሚያ ላይ አምስት ኩንታል ጭኖ ይሮጥልሃል። በነገራችን ላይ ይህ መድኃኒት በሌላ አገር ያደረሰው ጥፋት ይታወቃል። ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ በዲክሎፌናክ የታከሙ ከብቶች ሲሞቱ ጥንባቸውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ አለቁ፤ አንዳንዱ ዝርያ ከመቶ ዘጠና አምስቱ በላይ ጠፋ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከለከለች። የእኛ የጋሪ ፈረስ ሲሞት የሚቀብረው የለም፤ ከከተማ ውጭ ተጎትቶ ይጣላል። የሚበላውም ያው ጅብና ጥንብ አንሳ ነው።

ባለጋሪው ሁለቱንም አልፈለገም። ለእህቱ በስልክ ድምፅ ላከላት።

እህቲቱ ስለ ፈረስ ጉልበት የምታውቀው ነገር ነበራት፤ ይህን ማን ይጠረጥራል? ጌቶቿ ፈረስ አላቸው። ለጋሪ አይደለም፣ ለውድድርና ለውበት። የፈረሶቹ ጋጣ እሷ ከምትተኛበት ክፍል ይሰፋል፣ ማራገቢያም አለው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ከትልቅ ነጭ ባልዲ በማንኪያ ዱቄት እየሰፈረ መኖው ላይ ይነሰንሳል። ባልዲው ላይ የሚዘል ፈረስ ሥዕል አለ። ለመገጣጠሚያ ነው፣ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ይባላል፣ ሳያነክሱ በፊት ነው የሚሰጣቸው አላት። የአንዱን ባልዲ ዋጋ ስትሰማ ከደመወዟ ጋር አስተያየችው። ከዚያ በኋላ ማስተያየቱን ተወችው።

“ወንድም ዓለም፣ ባልዲውን መላክ አልችልም” አለችው። “ለእማ ግን ያው ነገር በኪኒን አለ፤ የሰው ነው። እሱን ልኬላታለሁ፣ ሰው ይዞት እየመጣ ነው። ጉልበቷን እያመማት አይደል?”

እውነት ነው፣ እናትየውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከዓመታት በፊት ጀምሮ። ደረጃ አይወዱም፣ ከስግደት ሲነሱ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ይይዛሉ፣ ብርድ ባይኖርም ጋቢ ጉልበታቸው ላይ ይጠመጥማሉ። ሁለት ጉልበት በአንድ ግቢ ታመመ ማለት ነው። ለአንደኛው ጠርሙስ መጣ።

ጠርሙሱ ሲደርስ እናትየው መጀመሪያ የጠየቁት “ከምንድን ነው የተሠራው?” ብለው ነው። ልጅየው በስልኩ አስተረጎመው። ግሉኮሳሚን በአብዛኛው የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፤ ጠርሙሱም ይህንኑ ይላል። “ሸርጣን ምንድን ነው?” አሉ። ሥዕሉን አሳያቸው። ትንሽ አዩትና ስልኩን መለሱለት።

“ክንፍ አለው?”

“የለውም፣ እማ።”

“የዓሣ ቅርፊትስ?”

“ቅርፊት አለው… ግን እንደዚያ አይደለም።”

“በል ለፈረሱ ስጠው።”

የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ለመድኃኒት ነው ብለው ይፈቅዱላቸው ይሆናል። አልጠየቁም። ምናልባት ላለመጠየቅ ሌላ ምክንያትም ነበራቸው። እናት የልጇን እንጀራ የሚጎትተው እግር ሲያነክስ እያየች ለራሷ ጉልበት ኪኒን አትውጥም፤ ሸርጣኑ ጥሩ ሰበብ ሆነላቸው። ልጅየው ይህን የተጠራጠረው በኋላ ነው።

አሁን ሂሳቡ ተቀየረ። ጠርሙሱ 120 ፍሬ አለው፤ እያንዳንዱ 750 ሚሊግራም ግሉኮሳሚን ነው። ለሰው በቀን ሁለት ፍሬ፣ 1,500 ሚሊግራም፤ ለሁለት ወር ይበቃል። እህቲቱ ፎቶ አንስታ የላከችው የባልዲው ጽሑፍ ደግሞ ለ500 ኪሎ ፈረስ በቀን 10 ግራም ይላል። የእኛ አገር ፈረስ ግን 500 ኪሎ አይሆንም፤ ዳማ ቢበዛ 220 ቢመዝን ነው። ስለዚህ አራት ግራም ተኩል ገደማ፣ ስድስት ፍሬ በቀን። የእናት የሁለት ወር መድኃኒት ለፈረስ የሃያ ቀን ሆነ።

ባለጋሪው ኪኒኑን በዘነዘና እየደቆሰ፣ በፉርሽካ እየለወሰ፣ ትንሽ ጨው ጨምሮበት ሰጠው። ዳማ ላሰው። ይህን ፉርሽካ አስታውሱት፣ እንመለስበታለን።

የመገጣጠሚያ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት አጥንት በሚገናኝበት ቦታ ጫፎቻቸው ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ልባስ ተሸፍነዋል፤ መሐላቸው እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽ አለ። ልባሱ የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ አንዴ ከተላጠ በደንብ አይተካም። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን የዚሁ ልባስ መሥሪያ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ ጭቃና ጭድ አቀብለው፣ ራሱ ይለስነዋል። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የፈረስ ካርቲሌጅ ተቀምጦ ሲሞከር ጥሩ ውጤት ታይቷል። ነገር ግን ሳህን ጨጓራ የለውም። ፈረስ በአፉ ከዋጠው ግሉኮሳሚን ደሙ ውስጥ የሚገባው ከመቶ ከሁለት እስከ ስድስት ገደማ ብቻ እንደሆነ ተለክቷል። መገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚደርሰው ደግሞ ሳህኑ ላይ ከሠራው መጠን እጅግ ያነሰ ነው። ጭቃው ተጭኖ ይወጣል፣ ቤቱ ጋ የሚደርሰው እፍኝ አይሞላም።

ኔዘርላንድ ውስጥ በ24 ያረጁ ፈረሶች ላይ ለሦስት ወር ተሞክሮ፣ ኪኒኑን የበሉት ካልበሉት የተሻለ አልተራመዱም፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለፈረስ የሚሸጡ 23 የግሉኮሳሚን ምርቶች ተመርምረው 9ኙ ባልዲው ላይ ከተጻፈው ያነሰ ይዘው ተገኙ። ሁሉም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከአቮካዶና ከአኩሪ አተር ዘይት የሚወጣ አንድ ነገር በፈረስ ላይ ተስፋ አሳይቷል፤ በሐኪም የሚሰጡ መርፌዎችም አሉ። ባልዲው ግን የሚሸጠው በማስረጃው ልክ አይደለም፤ በባለቤቱ ፍርሃት ልክ ነው።

ስለ ሰውስ? አሜሪካ ውስጥ 1,583 ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። በጥቅሉ ሲታይ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን መድኃኒት ከሌለው ባዶ ኪኒን በግልጽ የተሻለ አልሠሩም፤ ሕመማቸው ጠና ባለ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ትንሽ ተስፋ ታየ። የሚያስገርመው ሌላው ቁጥር ነው። ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት መቶ ሰዎች መካከል ስልሳ ያህሉ ተሽሎናል አሉ። ፈረስ ባዶ ኪኒን አያታልለውም ይባላል፤ ምን እንደበላ አያውቅማ። ትክክል ነው። ተሽሎታል ወይስ አልተሻለውም ብሎ የሚፈርደው ግን ፈረሱ አይደለም፣ ጠርሙሱን የገዛው ሰው ነው።

ዳማ በሃያኛው ቀን ማንከሱን ተወ።

ባለጋሪው ይህን ቪዲዮ ቀርጾ ለሪያድ ላከ። ዳማ ያለ ጋሪ በአቧራው መንገድ ሶምሶማ ሲሮጥ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ። እህቲቱ አለቀሰች። ኪኒኑ ሠራ!

አንድ ነገር ግን ሳትሰማ ቀርታለች። በእነዚያ ሃያ ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ዝግ ነበር። የፀጥታው ነገር እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ባለጋሪው ፈልጎ ሳይሆን ተገዶ ቤት ዋለ። ዳማም ከጋሪ ውጭ፣ ከአስፋልት ውጭ፣ ጥላ ሥር ቆሞ ከረመ። ታዲያ ማን አዳነው? ሸርጣኑ ወይስ የተዘጋው መንገድ? የጎረቤቱ ብረት ለዘመናት የሰበሰበው ዝና የተሠራው በዚሁ መንገድ አልነበር? ባለጋሪው ይህን ጥያቄ ለራሱ ጠይቆት ነበር፤ መልሱን ግን አልወደደውም። እረፍት ነው ያዳነው ካለ፣ እረፍት ደግሞ እሱ ሊገዛው የማይችለው ብቸኛው መድኃኒት ነው። ጠርሙስ ከሪያድ ይመጣል። እረፍት ከየት ይመጣል?

መንገዱ ተከፈተ፣ ሥራው ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ዳማ እንደገና አነከሰ። በዚህ ጊዜ ግን በቀኝ የኋላ እግሩ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ያገኘው ያኔ ነው። ሰፈሩ ሁሉ “ዶክተር” ይለዋል፤ እሱ ዲፕሎማ ነው ያለኝ ቢልም የሚሰማው የለም። ሥራው በአብዛኛው የከብትና የፍየል ክትባት ነው። ለፈረስ የተመደበ ነገር ብዙ የለም፤ ወተት አይታለብ፣ ሥጋው አይበላ፣ በእቅድና በሪፖርት ላይ ፈረስ ቦታ የለውም። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረስ አለን በሚባልበት አገር፣ የጋማ ከብትን ለይተው የሚያክሙት በብዛት እንደ ብሩክ፣ እንደ ዶንኪ ሳንክቹዋሪና እንደ ስፓና ያሉ የውጭ በጎ አድራጊዎች ናቸው። የእነሱም እጅ እንደ ቢሾፍቱ ባሉ ከተሞች ይበረታል፤ ራያ ቆላ ሩቅ ነው።

ባለሙያው ጉልበቱን ከመንካቱ በፊት ጥያቄ ጠየቀ። ከዚህ በፊት ሌላ እግሩን አንክሶ ያውቃል? አዎ፣ ከክረምት በፊት የቀኝ የፊት እግሩን፣ ትንሽ ቀን። ከዚያ ተወው? ተወው። ምን ይበላል? ፉርሽካ። ሌላስ? የማሽላ አገዳ። ሌላስ? ሲገኝ ማሽላ። ፉርሽካው ስንት ነው? በቀን ሦስት ኪሎ ገደማ፤ ጥሩ ነው የማበላው፣ ዶክተር፣ አልነፈግሁትም።

ባለሙያው የዳማን መንጋጋ በሁለት እጁ ዳሰሰ፣ ከዓይኑ በታች ያለውን አጥንት በአውራ ጣቱ ጫን አለው።

ነገሩ የቆየ ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ የወፍጮ ቤት ፈረሶች ይታመሙ ነበር፤ ባለ ወፍጮው ፉርሽካ ስለሚተርፈው ፈረሱን በእሱ ይቀልበዋል። ፈረሱ ይወፍራል፣ ያምራል፣ ከዚያ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግሩ ያነክሳል፤ ሲብስ የፊቱ አጥንት ያብጣል። “ትልቅ ራስ” ይሉት ነበር። ምክንያቱ የታወቀው ቆይቶ ነው። የስንዴ ፉርሽካ በኪሎ 11 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ሲኖረው ካልሲየሙ አንድ ግራም ከምናምን ነው። ፈረስ ደግሞ ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል፣ ቢቻል አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ፎስፈረሱ ሲበዛ ያለችውንም ካልሲየም አንጀቱ ውስጥ ይይዛታል። ደሙ ካልሲየም ሲጎድልበት ሰውነቱ ከራሱ አጥንት ይበደራል። ይህ ብድር ያለ ወለድ አይደለም። አጥንቱ ይሳሳል፣ ጅማት አጥንቱን የሚይዝበት ቦታ ይላላል፣ መገጣጠሚያው ያማል። የማሽላ ፍሬም በዚህ በኩል አይረዳም፤ እሱም ፎስፈረስ የሚያመዝንበት እህል ነው።

ሦስት ኪሎ ፉርሽካ ማለት በቀን 33 ግራም ፎስፈረስ ከአራት ግራም ካልሲየም ጋር ነው። የሸርጣኑ ኪኒን ሃያ ቀን የተለወሰው በዚህ ውስጥ ነበር።

“አብሽር” አለ ባለሙያው። “እርግጠኛ ነኝ አልልህም፤ ራጅ የለኝ፣ የደም ምርመራ የለኝ። ግን ይህን መጀመሪያ አስተካክል። ኪኒን ቢሠራም እንኳ አጥንቱ ሲበላ የሚያቆመው የለም።”

የታዘዘለት መድኃኒት ጠርሙስ የለውም። ፉርሽካውን ወደ አንድ ኪሎ ማውረድ፤ በምትኩ የሽምብራና የማሾ ገለባ መጨመር። ጥራጥሬ ገለባ ካልሲየም አለው፣ ቆላው ላይ ደግሞ ከአውድማ በኋላ ርካሽ ነው። በመስኖ የሚያለሙ ሰዎች ጋ አልፋልፋ ከተገኘ የበለጠ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በቀን ጥቂት ማንኪያ፤ ለዶሮ መኖ የሚገባው ዓይነት ማለት ነው። ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ግን አይደለም፣ እሱ አፉንም ሆዱንም ያቃጥለዋል። ድንጋዩ ካልተገኘ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ። ሰፈሩ ውስጥ ቁርስ ቤት አለ፤ ቅርፊቱን በነፃ ይጥሉታል። ከአፋር የሚመጣው ጨው ለላብ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል፤ ካልሲየም ግን አይሰጥም። ለጋ ማሽላ እንዳይግጥ፤ ለከብት እንደሚመርዘው ለፈረስም ፊኛውንና የኋላ እግሩን የሚጎዳ ነገር አለው።

ከዚያ ሰኮናው። ረዝሞ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ረጅም ጫማ አድርጎ አስፋልት ላይ መሮጥ እንደማለት ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ መገጣጠሚያውን ወደ ኋላ ያጥፈዋል። በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ መቆረጥ አለበት። ከዚያ ጋሪው። ጭነቱ ወደ ፊት ካዘነበለ ክብደቱ ጀርባውና የፊት እግሩ ላይ ያርፋል፤ ኩንታሉን ወደ ኋላ ገፋ፣ መሐሉን ጎማው ላይ። ሲጨርስ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍት አለ።

ባለጋሪው ሁሉንም ነቀነቀ። የመጨረሻው ላይ ዝም አለ።

እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው የሚያምር ፈረስ አይቷል። ማኅበሩ ከ1932 ጀምሮ አለ፤ ፈረሱ ያጌጣል፣ ይጋልባል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል። ዳማን የሚቀርጸው የለም። ሙያ ግን ያለው እሱም ነው። በቀን ከጠዋት እስከ ማታ፣ በቆላ ሙቀት፣ አስፋልት ላይ፤ ከሪያዱ የውድድር ፈረስ ጋር ብናስተያየው የትኛው ጉልበት ይበልጥ መድኃኒት ይገባዋል? ባልዲው ላይ የተሳለው ግን ያኛው ነው።

ሦስት ወር አለፈ። ዳማ አሁንም አልፎ አልፎ ጠዋት ሲነሳ ግትር ይላል፣ ትንሽ ሲሄድ ይፍታታል። በገበያ ቀን የሚጫንበት አንድ ኩንታል ቀንሷል፤ ይህም ገንዘብ ነው። እግር ቀይሮ ማንከሱ ግን አልተመለሰም። ገለባው ይሁን፣ ሰኮናው ይሁን፣ ጭነቱ ይሁን፣ እረፍቱ ይሁን ለይቶ መናገር አይቻልም፤ አራቱም አንድ ላይ ነው የመጡት።

እህቲቱ ደውላ ሁለተኛ ጠርሙስ ልላክ ወይ አለች። ለባልዲውም ከጓደኞቿ ጋር ዕቁብ ገብታለች።

“አትላኪ እህት ዓለም” አላት። “በሱ ገንዘብ ገለባ እገዛለሁ።”

“ለእማስ?”

ስልኩ ላይ ለአፍታ ድምፅ ጠፋ። ስለ ፈረሱ ጉልበት ሦስት ወር ሙሉ ሲያወራ ስለ እናቱ ጉልበት ማንንም አልጠየቀም ነበር። ገለባ አላስተካከለላቸውም፣ ጭነት አልቀነሰላቸውም፤ ውኃውን አሁንም የሚቀዱት እሳቸው ናቸው።

“ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ” አለ።

የዳማ የእረፍት ቀን እሑድ ነው። ሌላ ቀን ሊሆን አይችልም፣ ሌላው ቀን ሥራ ነው። እሑድ ደግሞ እናትየው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ቀን ነው፤ መንገዱ ዳገት አለው። ባለጋሪው ለአንዲት መንገድ ብቻ ልጥመደው ብሎ ልጓሙን አንስቶ ነበር። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አዩት።

“ተወው” አሉ። “እሱም ሰንበቱ ነው።”

በእግራቸው ወጡ። ዳማ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ዳገቱን እስኪጨርሱ አያቸው፤ ወይም ለልጅየው እንደዚያ መሰለው። ከዚያ ልጓሙን ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቅሎ፣ የውኃውን ጀሪካን አንስቶ ወጣ።